ኤዲ ሞቷል፣ ቶውን ግን አለ፤ የትኛውን ቲዎሪ ይዘን እንመልከት?

ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ። «ዘ ፍላሽ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ጀምራችሁ ካልጨረሳችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። ከመጀመሪያው ሲዝን እስከ ዘጠነኛው ያለውን ሁሉ ሳልደብቅ ነው የምጽፈው። የዚህ ፊልም ጣዕሙ ደግሞ ሳያውቁ ማየት ላይ ነው።

ለጨረሳችሁ ግን ጥያቄው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ላይ ኤዲ ቶውን ራሱን በጥይት መታ። የፍላሽ፣ ማለትም የፈጣኑ ጀግና የባሪ አለን ዋና ጠላት ኢዮባርድ ቶውን (ከዚህ በኋላ ቶውን ስል እሱን ነው) ከኤዲ ዘር ወደፊት የሚወለድ ሰው ነው፤ የዘር ሐረጉ እዚያው ላይ ከተቆረጠ ኢዮባርድ የሚባል ሰው አይኖርም። ነገሩም ሰራ። ኢዮባርድ ዓይናችን እያየ ብን ብሎ ጠፋ። በቃ ተገላገልን አልን። ከዚያ በሁለተኛው ሲዝን አጋማሽ ላይ ሰውዬው በሌላ ፊት ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመው! በሦስተኛው አለ፣ በአምስተኛው አለ፣ በስምንተኛው አለ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ክፍሎች ሲቀሩም አለ።

እንዴት? አድናቂዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ብዙ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሰው ሲከራከርባቸው የምሰማቸውን አምስቱን ላወዳድርና የትኛው ለማን እንደሚሻል ልንገራችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። እኛ ጋ ክርክሩ የሚከርረው ሁላችንም ያየነው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ተከታታይ ፊልም እዚህ የሚዞረው በፍላሽ ዲስክና በሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ፊልም የሚጭነው ልጅ ጋ የሁለተኛው ሲዝን ግማሽ ከሌለ የለም፣ አለቀ። ከቡሬ የመጣው ሦስተኛውን ይዞ ይመጣል፣ ከፍኖተ ሰላም የመጣችው አምስተኛውን። ከ«ዘ ፍላሽ» ጋር የተያያዘውን ሌላ ተከታታይ ፊልም «ሌጀንድስ ኦፍ ቱሞሮው»ን ያየ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከቶውን ታሪክ አንድ ትልቅ ቁራጭ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ቡና ላይ ሲጨቃጨቁ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የማሰብ ችሎታ አይደለም። አንደኛው ያላየው ክፍል አለ። ቲዎሪ ከመምረጣችሁ በፊት እጃችሁ ላይ የትኞቹ ሲዝኖች እንዳሉ እዩ፤ ምርጫው ከዚያ ይጀምራል።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። ስክሪኑ ላይ የታየ ማስረጃ አለው ወይ? ከራሴ ስንት ነገር መጨመር አለብኝ? ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የኤዲን ሞት ምን ያደርገዋል?

የመጀመሪያውን ጎጃም ያደገ ሰው ለማስረዳት አይቸገርም። ዋሸራም ጎንጅም ዲማም እዚሁ ናቸው። ቅኔ ቤት የከረመ ጓደኛ ያለው ያውቀዋል፤ ወርቁ የቱንም ያህል ቢያምር ከሰሙ ካልወጣ አይቀበልህም። ቲዎሪም እንደዚያ ነው። ሰሙ ስክሪኑ ላይ ያየነው ነው። ከእሱ ያልወጣ ሐሳብ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፣ ግን የዚህ ፊልም አይደለም።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኤዲ ማን ነበር? ጥሩ ፖሊስ፣ አይሪስን ከልቡ የሚወድ ሰው። ኢዮባርድ አስሮት ሳለ ከወደፊቱ ጋዜጣ ላይ አይሪስ ዌስት-አለን የሚለውን ስም አሳይቶ ልጅቷ የባሪ እንደምትሆን፣ ከቶውን ቤተሰብም ታሪክ የሚረሳው እሱን ብቻ እንደሆነ ነገረው። ይህን የሰማ ሰው ነው መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያዳነው። እንግዲህ ቶውንን በሕይወት ለማቆየት ብሎ ይህን ሞት ከንቱ የሚያደርግ ቲዎሪ፣ ሂሳቡ ቢገጥም እንኳ፣ እኔ ዘንድ ብዙ ነጥብ ይቀነስበታል። ተንኮለኛው እንዲኖር ሲባል ጀግናው በከንቱ ሞተ ከተባለ ፊልሙ ምኑ ይታያል?

ያልታወቀ ልጅ

ይህኛው ቀላሉ ነው። ኤዲ ከመሞቱ በፊት የማያውቀው ልጅ ነበረው፣ ዘሩ በዚያ ልጅ ቀጠለ፣ ኢዮባርድም በሰላም ተወለደ ይላል። ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚያም ነው ብዙ ሰው የሚይዘው።

ግን አይቆምም። ልጅ ቢኖር ኖሮ ኢዮባርድ ለምን ጠፋ? ጠፍቷል እኮ! ሁላችንም አይተናል። ኤዲ ሲወድቅ እሱ መበታተን ጀመረ። ዘሩ በሌላ መንገድ ቀጥሎ ቢሆን ምንም አይነካውም ነበር። የአጎት ልጅ ነው፣ ወንድም ነው የሚሉትም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው የሚሰናከሉት። የኤዲንም ሞት ባዶ ያደርገዋል። ይህን አትያዙ።

የተዘጋ ቀለበት

ይህኛው ከበድ ያለ ነው፤ ፍልስፍና የሚወዱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይወዱታል። የሆነው ሁሉ ሁልጊዜም እንዲሁ የሆነ ነው ይላል። ቶውን ባሪን ይፈጥረዋል፣ ባሪ ቶውንን ይፈጥረዋል፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ለዚህ የሚሆን ሥጋም አለው። ቅንጣት አፋጣኙ ማሽን ሊበራ የነበረው በፈረንጆቹ 2020 ነበር፤ ቶውን የማሽኑን ሠሪ የሳይንቲስቱን የሃሪሰን ዌልስን ፊት ወስዶ ሥራውን አፋጠነና በታኅሣሥ 2006፣ በእነሱ ዲሴምበር 2013፣ ፈነዳ። ባሪን ፍላሽ ያደረገው ይህ ፍንዳታ ነው። ማለትም ፍላሽን የሚጠላው ሰው በገዛ እጁ ፍላሽን ቶሎ ሰራው። ውብ ነው፣ አልክድም።

ችግሩ ራሱ አሁን የነገርኳችሁ ውስጥ አለ። 2020 የነበረው 2013 ሆነ። ማለትም ተለወጠ። በተዘጋ ቀለበት ውስጥ ምንም አይለወጥም። ሌላም አለ። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ዌልስ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ተነስቶ የሚያነበው የወደፊቱ ጋዜጣ ትዝ ይላችኋል? ፍላሽ በቀውስ ውስጥ ጠፋ የሚለው። ቀኑ ኤፕሪል 25፣ 2024 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 17፣ 2016 መሆኑ ነው። (ያ ቀን እውነት ሲደርስ እዚህ የሞባይል ኢንተርኔት ስላልነበረ ከሌላው ዓለም አድናቂ ጋር አብረን መጻፍ አልቻልንም። ከሃርድ ዲስክ ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ከፍተን ግን ተሰብስበን አየን። በጣም ነው ደስ ያለኝ።) ይህ ቀን ራሱ በአምስተኛው ሲዝን መጨረሻ ወደ ዲሴምበር 10፣ 2019 ተቀየረ። ጽሑፉ ዓይናችን ፊት ነው የተቀየረው። የተዘጋ ቀለበት የሚል ሰው ይህን ትዕይንት የት ያስገባዋል? የለውም። የባሪንና የቶውንን ጥላቻ ስሜቱን ለመረዳት ጥሩ ነው፤ የኤዲን ጥያቄ ግን አይመልስም።

ገና ያልሆነው ቶውን

አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን።

ይህ ቲዎሪ የሚለው እንዲህ ነው፤ በሁለተኛው ሲዝን የመጣው ቶውን ከሞት የተነሳ ሰው አይደለም። በራሱ ዕድሜ ሲቆጠር ከመጀመሪያው ሲዝን በፊት ያለ፣ ወጣቱ ቶውን ነው። ለእኛ በፈረንጆቹ ከ2015 በኋላ መጣ፤ ለራሱ ግን ገና 2000ን አላየም፣ የባሪን እናት አልገደለም፣ ዌልስ አልሆነም።

ይህን ለማየት አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ወረቀት አውጡና ሁለት መስመር አስምሩ። በላይኛው ላይ እኛ ክፍሎቹን ያየንበትን ቅደም ተከተል ጻፉ። በታችኛው ላይ ቶውን የኖረበትን ጻፉ። ፊልሙ ላይ ቀን ስናይ በላይኛው መስመር ነው የምናስበው፣ ግራ የሚያጋባንም እሱ ነው። ጊዜ የሚጓዝ ሰው «በፊት» እና «በኋላ» ማለት የሚችለው በራሱ ዕድሜ ብቻ ነው። ይህን አንዴ ከለመዳችሁ ግማሹ ክርክር ይጠፋል።

ማስረጃው የሁለተኛው ሲዝን 11ኛ ክፍል ነው። ይህን ክፍል ያላየ ሰው ስለ ቶውን ባይከራከር ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ነገር እዚያ ነው ያለው። ቶውን በራሱ ፊት፣ በተዋናዩ በማት ሌቸር ፊት ይመጣል። ወደ ቤቱ መመለስ ስላቃተው ሳይንቲስቷን ዶክተር ማጊን ያግታል። ፍላሽ ባሪ መሆኑን ቶውን የሚያውቀው በዚሁ ጉዞ ላይ ነው። ሃሪም (ከሌላ ዓለም የመጣው ሌላኛው ዌልስ) ይህ ሰው ከዚያ ሁሉ ነገር በፊት ያለው ቶውን እንደሆነ ለባሪ ያስረዳዋል። ባሪ ይይዘዋል፣ ያስረዋል። ደስ ይለናል። ከዚያ የባሪ ጓደኛ ሲስኮ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሰውነቱ ሊጠፋ ይደርሳል። ለምን? ቶውን ካልተመለሰ ዌልስ አይሆንም፤ ዌልስ ካልሆነ ሲስኮ እዚህ ቦታ አይገኝም። ባሪ የእናቱን ገዳይ በገዛ እጁ ወደ ቤቱ ለመላክ ይገደዳል። እናቱን ሄዶ እንዲገድል መላኩ ማለት ነው። ከዘጠኙ ሲዝን እንደዚህ ያመመኝ ትዕይንት የለም።

ልብ በሉ፣ የሲስኮ መታመም ጌጥ አይደለም። ይህ ቶውንና ያ ቶውን አንድ መስመር ላይ ያሉ አንድ ሰው ለመሆናቸው ማረጋገጫ ነው። ከሰሙ የወጣ ወርቅ ይሉሃል ይህ ነው።

ጉድለት የለውም? አለው። ኤዲ ሞቷል፤ ታዲያ ይህ ወጣት ቶውን ከማን ተወለደ? ቲዎሪው ብቻውን ይህን አይመልስም። ፊልሙ የሚሰጠው መልስ የጊዜ ቅሪት የሚባለው ነው፤ ጊዜ ሲቀየር ሯጩ የፍጥነቱ ምንጭ በሆነው ስፒድ ፎርስ ውስጥ ካለ ከለውጡ ይተርፋል፣ ምንጩ ቢደርቅም እሱ ይቀራል። ይህን መቀበል አለባችሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትቀበሉት፣ እሱንም ፊልሙ ራሱ የሰጣችሁ ነው፤ ከራሳችሁ የምትጨምሩት የለም።

የኤዲስ ሞት? ሙሉ ክብሩን ይዞ ይቀራል። ምክንያቱም የመጀመሪያው ሲዝን ቶውን፣ አሥራ አምስት ዓመት በዌልስ ፊት የኖረው፣ ባሪን እንደ ልጁ እያሰለጠነ ሊጠቀምበት የነበረው ሰው፣ በእውነት እዚያ አበቃ። ኤዲ ያጠፋው እሱን ነው። ለዚህ ነው ይህን ቲዎሪ ከሌሎቹ አስበልጬ የምወደው።

የፍላሽፖይንቱ ቶውን

ከላይ ያለው ሁለተኛውን ሲዝን ይፈታል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ባሪ በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ወደዚያች ሌሊት፣ ማርች 18፣ 2000፣ በእኛ መጋቢት 9፣ 1992፣ ሮጦ ሄደና ቶውን እናቱን ሳይገድል ያዘው። በሦስተኛው ሲዝን መጀመሪያ አስሮት ከወላጆቹ ጋር ኖረ። የኖረበት ዓለም ፍላሽፖይንት ይባላል። ትዝታው መጥፋት፣ ዓለሙም መበላሸት ሲጀምር ቶውንን ፈታው፤ ቶውንም የባሪን እናት ኖራን ገደላትና ባሪን ወደ ተቀየረው ዘመን መለሰው።

አሁን ሁለተኛውን መስመር እዩት። የቶውን ሕይወት 2000 ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንደኛው እዚያው ቀርቶ ዌልስ ሆነ፣ 2015 ላይ ጠፋ። ሁለተኛው በባሪ እጅ ተይዞ ከመንገዱ ወጣ፤ ዌልስ አልሆነም፣ ኤዲ ሲሞትም እዚያ አልነበረም። ግን ኤዲ የሞተበት ዓለም ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ሥር የለውም።

ሥር የሌለው ሰው ምን ይሆናል? ይህን የሚመልሰው «ሌጀንድስ ኦፍ ቱሞሮው» ሁለተኛው ሲዝን ነው። ብላክ ፍላሽ የሚባል ፍጡር ያሳድደዋል፤ ጊዜን ያዛባ ሯጭን አሳድዶ የሚገድል ነው። ቶውን እንቅልፍ የለውም፣ አንድ ቦታ መቆም አይችልም። የዕጣ ፈንታ ጦር የሚባለውን ዕቃ የሚፈልገውም ለዚሁ ነው፤ እውነታን እንደገና ጽፎ ራሱን ከዚህ ሽሽት ሊያወጣ። ቶውን ፈርቶ ያየሁት እዚህ ነው። ሁልጊዜ ከላይ ሆኖ የሚያየን ሰው ሲሸሽ ማየት ሌላ ነገር ነው፤ ማት ሌቸርም አሳምሮ ሰርቶታል። ኤዲ ያደረገው ነገር ከሞተ በኋላም እንኳ ኢዮባርድን እያሳደደው ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ለኤዲ ክብር የሚሰጥ ቲዎሪ አላውቅም።

ድካሙ አንድ ነው፤ ዕድሜው አጭር ነው። ብላክ ፍላሽ በሲዝኑ መጨረሻ ያገኘውና ያጠፋዋል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ናዚዎች በሚታዩበት ባለ አራት ክፍል ታሪክ ውስጥ፣ ቶውን እንደገና አለ። ያውም በዌልስ ፊት! ይህን የፍላሽፖይንቱ ቲዎሪ ሊያስረዳ አይችልም። የፍላሽፖይንቱ ሰው ዌልስ ሆኖ አያውቅም።

ነጋቲቭ ስፒድ ፎርስ

ከአምስተኛው ሲዝን ጀምሮ ያየ ሰው ይህን ብቻ ነው የሚያወራው። ቶውን የራሱን የፍጥነት ምንጭ ፈጠረ፤ ምንጩ በጥላቻና በንዴት የሚሰራ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለን ሰው የጊዜ ለውጥ አይነካውም። ስለዚህ ኤዲ ሞተ አልሞተ ለቶውን ለውጥ የለውም።

ማስረጃውን አልንቅም። ጠንካራ ነው። በአምስተኛው ሲዝን የመጨረሻ ክፍል የባሪ ልጅ ኖራ ልትጠፋ ስትል ወደ ነጋቲቭ ስፒድ ፎርስ ብትሮጥ ትተርፍ ነበር። እንደዚያ ሆና መኖር አልፈለገችምና ወላጆቿ እቅፍ ውስጥ ጠፋች። ፊልሙ በግልጽ ነው የነገረን፤ ይህ ነገር ከመጥፋት ያድናል።

የማልስማማው ወደ ኋላ ሲጎትቱት ነው። «ሁለተኛውንም ሲዝን ይህ ይፈታል» ይላሉ። አይፈታም። የመጀመሪያው ሲዝን ቶውን 2000 ላይ ፍጥነቱን አጥቶ ወደ ቤቱ መመለስ አቅቶት አሥራ አምስት ዓመት ተቀመጠ። የታኪዮን መሣሪያ ሰርቆ ጥቂት ጥቂት ፍጥነት እየለቃቀመ ነበር የሚኖረው። የራሱ የፍጥነት ምንጭ ያለው ሰው እንዲህ ይለምናል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤዲ ሲሞት ጠፋ። ስለዚህ ያ ቶውን ነጋቲቭ ስፒድ ፎርስ አልነበረውም። የሁለተኛው ሲዝኑ ደግሞ ከእሱም ያነሰ ወጣት ነው፤ እሱም አልነበረውም።

እንግዲህ ይህ ቲዎሪ የሚሠራው ለኋለኛው ቶውን ብቻ ነው፤ በዌልስ ፊት ለሚመጣው፣ በ2049 እስር ቤት ሆኖ ኖራን በማታለል ለሚያሰለጥናት። ፊቱን ከየት አመጣው የሚለው ቀዳዳ ይቀራል። አንዳንዶች የመጀመሪያው ሲዝን ቶውን ከመጥፋቱ በፊት የተወው ቅሪት ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል፣ ግን ስክሪኑ ላይ አላየሁትም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን እንዳለ እተወዋለሁ። ዌልስን ሆኖ የሚሠራው ቶም ካቫና ተመልሶ እንዲሰራ ስለፈለጉ ብቻ ነው የሚለው መልስ ለእኔ ቲዎሪ አይደለም። ሰውዬው ግን ድንቅ ተዋናይ ነው፣ ያለ እሱ ይህ ፊልም ዘጠኝ ሲዝን አይሄድም ነበር።

የኤዲ ሞትስ? እዚህ ቲዎሪ ውስጥ ዋጋው ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ሠራ፣ ከዚያ ግን ቶውን መድኃኒቱን አገኘ ማለት ነው። ያሳዝናል፣ ቢሆንም ከንቱ አላደረገውም። ቶውን መድኃኒት መፈለጉ ራሱ ኤዲ የቱን ያህል እንዳስፈራው ያሳያል።

በ2019 እና በ2020 መካከል በተላለፈው ትልቁ ቀውስ ዓለማት ሁሉ እንደገና ስለተሠሩ ቶውንም እንደገና ተሠራ የሚሉ አሉ። ቶውን የተመለሰው ከዚያ አራት ዓመት ገደማ በፊት ነው። አይሆንም።

ግምት ሲያልፍ ምን ይመስላል?

ይህ ፊልም ከአድናቂ ግምት ጋር እንዴት እንደሚጫወት ማወቅም ለመምረጥ ይረዳል። በሦስተኛው ሲዝን ማንነቱ የተደበቀው ጠላት ሳቪታር ማን ነው ሲባል ኤዲ ነው ያሉ ነበሩ፣ ሮኒ ነው ያሉ ነበሩ፣ ባሪ ራሱ ነው ያሉ ነበሩ። 20ኛው ክፍል ላይ ባሪ ሆኖ ተገኘ፤ ጓደኞቹ የገፉት የባሪ ቅሪት። ያሸነፈው ግምት ከአንድ ቀላል ማስረጃ የተነሳ ነበር። ሳቪታር የቡድኑን ሐሳብ ሁሉ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ እንዲህ የሚያውቅ ደግሞ የኖረው ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን አሰልጣኙ ዌልስ ነበር ጠላቱ፤ በሁለተኛው ጄይ ነኝ ብሎ የመጣው ሰው ነበር ዙም የሚባለው ጠላት። ጸሐፊዎቹ ከሩቅ ሰው አያመጡም። ቤት ውስጥ ያለውን ነው የሚያዞሩት። ስለዚህ ከስክሪን ውጪ ያለ ሰው፣ ያልታየ ልጅ፣ ያልተጠቀሰ ወንድም የሚያመጣ ቲዎሪ ስትሰሙ ተጠራጠሩ።

እናንተ የትኛውን ትያዙ?

እስከ ሁለተኛው ሲዝን ብቻ ያላችሁ ሰዎች ገና ያልሆነውን ቶውን ያዙ። ሌላ አያስፈልጋችሁም። 11ኛውን ክፍል ሁለት ጊዜ እዩት።

ለታናሽ ወንድም ወይም ለእህት የምታሳዩ ከሆነ የመጀመሪያው ሲዝን ሲያልቅ ምንም አትበሉ። ልጁ ቶውን ሞተ ብሎ ይመን፣ ለኤዲ ይዘን። ያንን ሐዘን አትንጠቁት። ሲመለስ ደንግጦ ሲጠይቃችሁ ያኔ ወረቀቱን አውጡና ሁለቱን መስመሮች አሳዩት።

ሦስተኛውን ያያችሁ ግን «ሌጀንድስ»ን ያላያችሁ፣ እባካችሁ ሁለተኛውን ሲዝኑን ከሆነ ቦታ አስጭኑ። ሙሉውን ፊልም መውደድ የለባችሁም፤ ለቶውን ብቻ ስትሉ እዩት። አለዚያ የፍላሽፖይንቱን ቲዎሪ ግማሹን ብቻ ነው የምትይዙት።

ከአምስተኛው የጀመራችሁ ነጋቲቭ ስፒድ ፎርስን ያዙ፤ ወደ ኋላ ስትመለሱ ግን አውርዳችሁ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ሲዝን ላይ ከጫናችሁት የዌልስ ችግር በሙሉ ትርጉም ያጣል።

ዘጠኙንም የጨረሳችሁ ደግሞ አንድ ቲዎሪ ለመምረጥ አትጨነቁ። ለየዘመኑ የየራሱን ስጡት፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ አይጣሉም፣ ስለ ሦስት የተለያዩ የቶውን ዘመናት ነው የሚያወሩት። እኔ የማየው እንደዚያ ነው። በስምንተኛው ሲዝን መጨረሻ ቶውን የነጋቲቭ ስፒድ ፎርስ መልክ ሆኖ ሲያበቃ ነገሩ የተዘጋ ይመስላል። ፊልሙ ግን በዘጠነኛው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 24፣ 2023 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል፣ ወደ ማን እንደተመለሰ እዩ። ወደ ኤዲ። በ2049 ከሞት ተመልሶ ኮባልት ብሉ የሚባል የፍላሽ ጠላት ሆነ፣ የባሪን የድሮ ጠላቶች ከየዘመናቸው ጠራ፣ ቶውንንም ጭምር። ያን የሚያክል ቁጣ ከየት መጣ ብላችሁ ካሰባችሁ የመጀመሪያውን ሲዝን መጨረሻ ከዚህ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱ። ለኤዲ ሞት ዋጋ የማይሰጥ ቲዎሪ ይዛችሁ ከሆነ ይህ የመጨረሻ ክፍል ምንም አይላችሁም። ዋጋ ከሰጣችሁት ደግሞ ባሪ በጡጫ ፈንታ በንግግር ያቆመው ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

እንደገና ማየት ለምትፈልጉ የቶውንን ዕድሜ ተከትላችሁ እዩት። መጀመሪያ የሁለተኛው ሲዝን 11ኛ ክፍል። ከዚያ የመጀመሪያው ሲዝን 17ኛ ክፍል፣ የዌልስን ፊት የሚወስድበት። ከዚያ የመጀመሪያውን ሲዝን ከአንድ እስከ 23። እዚያ ላይ አንዱ መስመር ያልቃል። ሁለተኛውን ከሦስተኛው ሲዝን አንደኛ ክፍል ጀምሩና ወደ «ሌጀንድስ» ሁለተኛው ሲዝን ተሻገሩ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ የናዚዎቹን አራት ክፍሎች፣ ከዚያ አምስተኛውን ሲዝን። ቀሪውን በወጣበት ቅደም ተከተል እዩት፤ ከዚያ በኋላ ማቀላቀል አያስፈልግም።